የሬዲዮ ምልክትን ማጣራትና መለካት፦ ለውኃ ኮሚቴዎችና ለሰበካ ጉባኤያት የተዘጋጀ ትምህርት



በብዙ አጥቢያዎች የተሠሩ የውኃ ተቋማት አቀማመጣቸው ተመሳሳይ ነው። ጉድጓዱና ፓምፑ ከሸለቆው፣ ማጠራቀሚያው ከኮረብታው ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር ርቀት አለ። ፓምፑን የሚያስነሣው ሰው ማጠራቀሚያው መሙላቱን ወይም መጉደሉን ከቦታው ሆኖ ማየት አይችልም። ስለዚህ አንድም ውኃው ሞልቶ ሲፈስ ነዳጅ ይባክናል፤ አንድም ማጠራቀሚያው ባዶ ሆኖ ሳለ ማንም ሳያውቅ ይነጋል፤ እናቶችም እንስራቸውን ይዘው ከደረቀ ቦኖ ፊት ይሰለፋሉ።

ይህን ችግር ለማቃለል የማጠራቀሚያውን የውኃ ከፍታ ለክተው በሬዲዮ ወደ ፓምፑ ቤት የሚያስተላልፉ ትንንሽ መሣሪያዎች በሥራ ላይ መዋል ጀምረዋል። ዋጋቸው ከሌሎች አማራጮች ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው፤ ወርኃዊ ክፍያ የላቸውም፤ በአነስተኛ የፀሐይ ኃይል ይሠራሉ። ነገር ግን መልእክታቸው ሲቋረጥ ኮሚቴው የሚሰማው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ኃይለኛ መሣሪያ ግዙ»፣ ወይም «ረጅም ምሰሶ ትከሉ»። ምክሩ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይሁን እንጂ ጉድለቱ ያለው በላኪው ጉልበት ሳይሆን በተቀባዩ የማጣራት ችሎታ ላይ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ በምእመናን መዋጮ የተገዛው ምሰሶ ምንም አይፈይድም። የዚህ ትምህርት ዓላማ ኮሚቴው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅ እንዲችል ማድረግ ነው።

፩. መሣሪያው ምን ያደርጋል?

አነስተኛ ኃይል ያለው ላኪና ተቀባይ ሬዲዮ በአንድ ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተሰበሰበ መሣሪያ ነው። የሚያሰራጨው ኃይል ብዙውን ጊዜ 25 ሚሊዋት ገደማ ሲሆን፣ ይህም ከአንድ ተራ አምፖል ኃይል ጋር እንኳ አይወዳደርም። በዓለም አቀፉ የሬዲዮ አከፋፈል ኢትዮጵያ በምትገኝበት አንደኛ ክልል ለእንዲህ ዓይነት አገልግሎት ከሚታወቁት ሞገዶች መካከል 433 እና 868 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ያሉት ይጠቀሳሉ። ይሁን እንጂ በአገራችን የትኛውን ሞገድ፣ በምን ያህል ኃይል መጠቀም እንደሚፈቀድ የሚወስነው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ፣ መሣሪያ ከመገዛቱ በፊት አቅራቢው የፈቃዱን ሁኔታ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ መጠየቅ ይገባል።

የሬዲዮ ኃይል እጅግ ትልቅና እጅግ ትንሽ ቁጥሮችን ስለሚያካትት በዴሲቤል ይለካል። መነሻው አንድ ሚሊዋት ሲሆን ዜሮ ዲቢኤም ይባላል። በየ10 ዴሲቤሉ ኃይሉ አሥር እጥፍ ይጨምራል ወይም ወደ አሥረኛ እጅ ይቀንሳል፤ 3 ዴሲቤል ደግሞ እጥፍ ወይም ግማሽ ማለት ነው። በዚህ መሠረት 25 ሚሊዋት 14 ዲቢኤም ያህል ይሆናል። ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው ምልክት -100 ዲቢኤም ነው ሲባል የአንድ ሚሊዋት አሥር ቢሊዮንኛ እጅ ደረሰ ማለት ነው። ይህን የመሰለ ደካማ ምልክት ከብዙ ሁከት መካከል ለይቶ መስማት የተቀባዩ ትልቁ ሥራ ነው።

፪. ማጣሪያ ለምን ያስፈልጋል?

አንቴና አይመርጥም ማለት ይቻላል። የሬዲዮ ጣቢያውን፣ የስልክ ማማውን፣ የጎረቤቱን መሣሪያ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃዎችን ሁከት፣ የእኛንም መልእክት በአንድነት ይቀበላል። በገበያ ቀን ከሺህ ድምፅ መካከል የልጇን ጥሪ ለይታ እንደምትሰማ እናት፣ ተቀባዩም የራሱን ለይቶ ሌላውን መተው አለበት። ይህን የሚያደርግለት ማጣሪያው ነው።

የዘመኑ ተቀባዮች የሚከተሉት መንገድ መሠረቱ የተጣለው ኤድዊን አርምስትሮንግ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1918 እ.ኤ.አ. ባፈለቀው ሐሳብ ነው። ከፍተኛውን ሞገድ እንዳለ ማጣራት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ተቀባዩ በውስጡ የራሱን ሞገድ ያመነጫል፤ ከመጣው ጋር በማደባለቅም ወደ ዝቅተኛና ለማጣራት ወደሚመች ሞገድ ያወርደዋል። በዚያ ደረጃ ላይ ጠባብ ማጣሪያ ይጠብቀዋል። በዛሬዎቹ ቺፖች ይህ ማጣሪያ በዲጂታል ስሌት የሚሠራ በመሆኑ ስፋቱን ባለሙያው በቁጥር ሊቀይረው ይችላል። ለጉዳያችን ቁልፉ ነገር እዚህ ላይ ነው፤ የማጣሪያው ስፋት ዕቃው ሲመረት ታትሞ የቀረ ሳይሆን ሰው የሚመርጠው ነው፤ ሰውም ሊሳሳት ይችላል።

፫. ስፋቱ ምን ያህል ይሁን?

ማጣሪያውን እንደ በር ብንቆጥረው፣ በሩ በሰፋ መጠን ብዙ ሁከት አብሮ ይገባል። በመደበኛ የአየር ሙቀት ማንኛውም ተቀባይ ከማያመልጠው የተፈጥሮ ሁከት በእያንዳንዱ አንድ ኸርዝ ስፋት -174 ዲቢኤም ይገባል። የበሩ ስፋት 100 ኪሎ ኸርዝ ከሆነ ሁከቱ ወደ -124 ዲቢኤም ከፍ ይላል፤ 25 ኪሎ ኸርዝ ከሆነ ግን -130 ዲቢኤም ላይ ይቆማል። ልዩነቱ 6 ዴሲቤል ነው። ምንም መሰናክል በሌለበት ግልጽ ቦታ 6 ዴሲቤል ማለት የርቀት እጥፍ ማለት ነው። ያለ አዲስ ምሰሶና ያለ ተጨማሪ ኃይል፣ በሩን በማጥበብ ብቻ ይህን ያህል ጥቅም ይገኛል።

እንግዲያስ በሩን እጅግ ማጥበብ ነው ወይ? አይደለም። ምክንያቱም ሁለት ናቸው።

አንደኛ፣ መልእክቱ ራሱ ስፋት አለው። በሰከንድ 4800 ቢት የሚልክና ሞገዱን ወደ ላይና ወደ ታች 5 ኪሎ ኸርዝ የሚያወዛውዝ ላኪ በጠቅላላው ወደ 15 ኪሎ ኸርዝ ስፋት ይይዛል። ከዚህ የጠበበ በር የመልእክቱን ጠርዝ ይቆርጣል።

ሁለተኛ፣ ላኪውና ተቀባዩ በትክክል በአንድ ሞገድ ላይ አይቆሙም። የሁለቱም ሞገድ የሚወሰነው በየውስጣቸው ባለ ትንሽ ክሪስታል ነው። ተራ ክሪስታል ከሚሊዮን እጅ እስከ 20 እጅ ሊሳሳት ይችላል። ይህ ስሕተት በ868 ሜጋ ኸርዝ ላይ ወደ 17 ኪሎ ኸርዝ ይደርሳል። ላኪው ወደ ላይ፣ ተቀባዩ ወደ ታች ከተሳሳቱ ልዩነታቸው 35 ኪሎ ኸርዝ ያህል ይሆናል። ስለዚህ በሩ የመልእክቱን 15 ብቻ ሳይሆን በሁለቱም አቅጣጫ 35 ጨምሮ፣ በድምሩ 85 ኪሎ ኸርዝ ያህል መሆን አለበት፤ በተግባር 100 ይደረጋል። ሙቀትን እያካካሰ የሚሠራና ስሕተቱ ከሚሊዮን እጅ 2 ብቻ የሆነ ክሪስታል ቢኖር ግን 22 ኪሎ ኸርዝ ስለሚበቃ በሩን 25 ማድረግ ይቻላል። ጥቂት ብር ጨምሮ የተሻለ ክሪስታል ያለውን መሣሪያ መግዛት ብዙ ብር ከሚያስወጣ ምሰሶ ጋር የሚወዳደረው በዚህ ምክንያት ነው።

ክሪስታል በሙቀትና በቅዝቃዜ ይለወጣል። በደጋው አገር በማጠራቀሚያው ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሳጥን በቀትር ፀሐይ ይግላል፤ ከሌሊቱ መጨረሻ ደግሞ ውርጭ ያገኘዋል። በፓምፑ ቤት ውስጥ ያለው ተቀባይ ግን በጥላ ነው። በሩ ያለ ልክ ከጠበበ መልእክቱ በቀትር ሲገባ ውሎ ጎሕ ሲቀድ ይቋረጣል፤ ያውም ውኃ ቀጂዎች በሚመጡበት ሰዓት። እንዲህ ያለ በሰዓት የሚመላለስ ችግር ሲታይ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት የክሪስታሉና የማጣሪያው ነገር ነው።

ባለሙያዎችን ሳይቀር የሚያሳስት ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ አምራቾች የማጣሪያውን ሙሉ ስፋት ሲጽፉ ሌሎች ግማሹን ይጽፋሉ። ለምሳሌ ሲ.ሲ. 1101 የተባለው ቺፕ ሙሉውን ሲያመለክት ኤስ.ኤክስ. 1231 የተባለው ደግሞ ግማሹን ያመለክታል። በአንዱ «100» የተባለው በሌላው «50» ነው። መሣሪያ ሲቀየር የቀድሞው ቁጥር እንዳለ ከተገለበጠ በሩ ሳይታወቅ እጥፍ ይሰፋል ወይም በግማሽ ይጠብባል።

፬. የምልክት ጥንካሬ ንባብ

ተቀባዩ በማጣሪያው አልፎ የገባውን ኃይል ለክቶ በቁጥር ያሳያል። ይህን ቁጥር በሚገባ ለመረዳት ሦስት ነገሮችን ማወቅ ያሻል።

ሀ) ቁጥሩ የሚለካው በበሩ የገባውን ሁሉ ነው። የእኛ መልእክት ይሁን የሌላ ሰው ወይም ተራ ሁከት፣ መለኪያው አይለይም። ስለዚህ «ጥንካሬው -85 ነው፤ በጣም ጥሩ ነው» የሚል ዘገባ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ላኪው ጠፍቶ እያለ ቁጥሩ ያው -85 ከሆነ፣ የተለካው ጠላት እንጂ ወዳጅ አይደለም።

ለ) ቺፑ የሚሰጠው ጥሬ ቁጥር ራሱ ዲቢኤም አይደለም፤ መተርጎም አለበት። ኤስ.ኤክስ. 1231 ላይ ጥሬው ቁጥር ለሁለት ተካፍሎ የመቀነስ ምልክት ይደረግበታል፤ ስለዚህ 196 ሲነበብ -98 ዲቢኤም ነው። ሎራ በሚባለው ስልት በሚሠራው ኤስ.ኤክስ. 1276 ላይ ደግሞ በ868 ሜጋ ኸርዝ ከጥሬው ቁጥር 157 ይቀነሳል። የአንዱ ስሌት ለሌላው ከዋለ ውጤቱ ከንቱ ነው።

ሐ) ንባቡ ጥቂት ዴሲቤል ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል። አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ መወሰን አይገባም። በጠዋት፣ በቀትርና በማታ፣ በበጋም በክረምትም ሃያና ሠላሳ ጊዜ ተነብቦ የመካከለኛውና የዝቅተኛው ቁጥር መመዝገብ አለበት። ዝናብ ያረሰው ቅጠል ከደረቀው ይልቅ ሞገድን ስለሚያዳክም የበጋ ንባብ ለክረምት ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ ሁለት ቁጥሮች ዘወትር አብረው ይጻፉ፦ መልእክት ሲመጣ ያለው ጥንካሬ፣ እና ላኪው ዝም ሲል ያለው ሁከት። ቁም ነገሩ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ተራው የአላላክ ስልት ምልክቱ ከሁከቱ 10 ዴሲቤል ያህል እንዲበልጥ ይፈልጋል። ሎራ ግን መልእክቱን በሰፊው ዘርግቶ በዝግታ ስለሚልክ ምልክቱ ከሁከቱ በታች ሆኖ እንኳ ሊሰማ ይችላል፤ ይህን ጥቅም የሚያገኘው ፍጥነትን በመሠዋት ነው። የውኃ ከፍታን በየሩብ ሰዓቱ ለሚልክ መሣሪያ ዝግታው ጉዳት የለውም።

፭. አንድ ምሳሌ በስሌት

ማጠራቀሚያው ከፓምፑ ቤት 3 ኪሎ ሜትር ይርቃል እንበል። ላኪው በ868 ሜጋ ኸርዝ 14 ዲቢኤም ያሰራጫል፤ ሁለቱ አንቴናዎች እያንዳንዳቸው 2 ዴሲቤል ይጨምራሉ። በግልጽ አየር በዚህ ርቀት የሚጠፋው ኃይል 101 ዴሲቤል ያህል ነው። 14 ሲደመር 4፣ ሲቀነስ 101፣ ውጤቱ -83 ዲቢኤም ይሆናል። ይህ መድረስ የሚገባው ነው።

ኮሚቴው ለክቶ ያገኘው ግን -98 ነው እንበል። 15 ዴሲቤል በመንገድ ጠፍቷል። የት ጠፋ? የባሕር ዛፍ ጥሻ፣ የላላ የአንቴና ማያያዣ፣ ውኃ የገባበት ገመድ፣ ወይም ወደ መሬት የቀረበ መንገድ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ሁለቱ አንቴናዎች ከተያዩ ይበቃል ብሎ ያስባል። ሞገዱ ግን እንደ ክር ሳይሆን እንደ እንዝርት መካከሉ ሰፍቶ ይጓዛል። በዚህ ምሳሌ በመንገዱ አጋማሽ ላይ የእንዝርቱ ስፋት ከመሐል መሥመሩ ወደ ጎን 16 ሜትር ይደርሳል። ቢያንስ ከዚህ ስድስት አሥረኛው፣ ማለትም 10 ሜትር ያህሉ ከዛፍና ከመሬት ነጻ መሆን አለበት።

አሁን ወደ ማጣሪያው እንመለስ። በሩ 100 ኪሎ ኸርዝ ሲሆን ሁከቱ -124 ነው። ተቀባዩ ራሱ የሚጨምረው ሁከት 7፣ የሚያስፈልገው ብልጫ 10 ከሆነ፣ ሊሰማ የሚችለው ደካማ ምልክት -107 ዲቢኤም ነው። ከ-98 ጋር ያለው ትርፍ 9 ዴሲቤል ብቻ ነው። በሩ 25 ከሆነ ግን የመስሚያው ወሰን -113 ይሆንና ትርፉ 15 ይደርሳል። ለዝናብ፣ ለቅጠልና ለዕቃ እርጅና ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል ትርፍ መያዝ ተገቢ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው አሠራር በክረምት ሊያሳፍር ይችላል፤ ሁለተኛው ግን ሊጸና ይችላል። ማያያዣው ተጠብቆ፣ ቅርንጫፉ ተመልምሎ ከጠፋው 15 ግማሹ እንኳ ቢመለስ ደግሞ ትርፉ ከ20 ያልፋል። ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ ከአንድ ምሰሶ ዋጋ ጋር ይተያይ።

፮. ጉድለቱን ከምልክቱ ማወቅ

መልእክት ሲቋረጥ ኮሚቴው ሁለቱን ቁጥሮች ይዞ ከሚከተሉት አንዱን ማግኘት ይችላል።

የመጀመሪያው፣ ጥንካሬው ደካማ፣ ሁከቱም ዝቅተኛ ሲሆን ነው። ችግሩ በመንገዱ ላይ ነው። አንቴናው፣ ገመዱ፣ ከፍታውና ዛፉ ይታይ። ምሰሶ የሚረዳው በዚህ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው፣ ላኪው ጠፍቶም ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲቆይ ነው። ሁከት ፈጣሪ በአቅራቢያ አለ። ጥራት የሌለው የፀሐይ ኃይል መቆጣጠሪያ፣ ኢንቨርተር ወይም የመብራት ዕቃ ሊሆን ይችላል። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እያጠፉ ንባቡን መመልከት ምንጩን ያወጣዋል። መድኃኒቱ አንቴናውን ማራቅ ወይም ዕቃውን መቀየር ነው። የላኪውን ኃይል መጨመር በሽታውን ትቶ ድምፅን ከፍ ማድረግ ነው።

ሦስተኛው፣ ጥንካሬው መልካም፣ ሁከቱም ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ መልእክቱ ተበላሽቶ ሲደርስ ወይም ሲጠፋ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጠረጠራል። አንዱ ከላይ የተነገረው የክሪስታል መሸሽ ሲሆን መልእክቱ በበሩ ጠርዝ ላይ ወድቆ ይቆረጣል። ሌላው ከኮረብታው ላይ ያለ የስልክ ማማ ነው። የሞባይል ስልክ ማማዎች ከሚያሰራጩባቸው ሞገዶች አንዱ ከ925 እስከ 960 ሜጋ ኸርዝ ያለው ነው፤ ይህም ለ868 ጎረቤት ነው። ማማው በአጠገብ ከሆነ የተቀባዩ የመጀመሪያ ማጉያ ገና ከማጣሪያው ሳይደርስ ይታፈናል። የውስጡን በር ማጥበብ ይህን አያድንም፤ በአንቴናውና በተቀባዩ መካከል ተጨማሪ ማጣሪያ ማስገባት ወይም ቦታ መቀየር ያስፈልጋል።

በተጨማሪ፣ ላኪውንና ተቀባዩን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አድርጎ መሞከር አሳሳች ነው። ምልክቱ ከመጠን በላይ ስለሚበረታ መለኪያው ይሞላል፤ መልእክቱም ሊበላሽ ይችላል። ለሙከራ ቢያንስ ብዙ ሜትር ማራራቅ ይገባል።

፯. ከመረከብ በፊት

ኮሚቴው የርክክብ ሰነድ ከመፈረሙ አስቀድሞ የሚከተሉት በጽሑፍ እንዲቀርቡለት ይጠይቅ፦

• የተመረጠው ሞገድ፣ የማሰራጫው ኃይልና የፈቃዱ ሁኔታ፤
• የማጣሪያው ስፋት፣ ሙሉው ይሁን ግማሹ ተለይቶ፤ የክሪስታሉም የስሕተት ልክ፤
• ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ሰዓታት፣ አንዱ ንጋት ላይ ሆኖ፣ የተወሰዱ የጥንካሬና የሁከት ንባቦች፤
• በስሌት የሚጠበቀው ጥንካሬና በተግባር የተገኘው ልዩነት፣ ከነምክንያቱ፤
• ከተላኩት መቶ መልእክቶች ስንቱ እንደ ደረሱ።

እነዚህ ንባቦች በኮሚቴው መዝገብ ውስጥ ይቀመጡ። ከዓመት በኋላ ጥገና ሲያስፈልግ «በተተከለ ጊዜ -90 ነበር፤ ዛሬ -101 ሆኗል» ማለት መቻል ለጥገና ባለሙያው ትልቅ መንገድ ጠራጊ ነው። መዝገቡን የሚይዘው ሰው መሐንዲስ መሆን የለበትም፤ ቁጥር አንብቦ ከነቀኑና ከነሰዓቱ መጻፍ የሚችል ወጣት ይበቃል።

ማጠቃለያ

ለሬዲዮ ግንኙነት የላኪው ጉልበት ብቻውን አይበቃም። ተቀባዩ የራሱን ለይቶ የሚሰማበት በር በልኩ ሲሆን፣ ሁከቱና ምልክቱ ተለይተው ሲመዘኑ፣ ትርፉም ለክፉ ቀን ሲታሰብ ግንኙነቱ ይጸናል። በምእመናን እጅ የተሰበሰበው ገንዘብ በግምት ሳይሆን በልኬት እንዲወጣ ማድረግ ከኮሚቴው አደራ አንዱ ክፍል ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን የውኃ ማጠራቀሚያና በፓምፑ መካከል ያለው ርቀት ስንት ነው? በመንገዱ አጋማሽ ላይ ምን አለ?
2. በማጠራቀሚያው አቅራቢያ የስልክ ማማ ወይም ሌላ ማሰራጫ አለን?
3. ባለፈው ዓመት ውኃ ሞልቶ የፈሰሰበትን ወይም የደረቀበትን ቀን የመዘገበ ሰው አለን? ከሌለ ማን ይመዝግብ?
4. አቅራቢው «ምልክቱ ጠንካራ ነው» ቢለን የምንጠይቀው ሁለተኛ ቁጥር ምንድን ነው?